ያልወጣው ግራፍና ያረጀው ግራፍ፦ ጽሑፍን፣ ኮድንና ሥዕልን በአንድ ሰነድ የማኖር ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የንግግሬ ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ አልፈርድባችሁም። የሕዝብ ንግግር ሲባል ስለ ታላላቅ ግኝቶች መስማት ይጠበቃል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ አንድ ትንሽ ችግር ልናገር ነው። በሰነድ ውስጥ የተጻፈ ኮድ ይሠራል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ጽሑፉም ይቀናበራል፤ ግራፉ ግን ሳይወጣ ይቀራል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ብዙዎቻችሁ በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ሳትተኙ አድራችኋል። ይህ ትንሽ ችግር የአርባ ዓመት ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ስለ ሳይንሳዊ ሐቀኝነት የሚያስተምረን ነገር አለ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

መነሻ

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተርስ ጥናቱን የማማክረው አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጥናቱ በአራት ጣቢያዎች የተመዘገበን የዝናብ መጠን የሚመለከት ነበር። ጽሑፉን፣ የስሌቱን ኮድ፣ ሠንጠረዡንና ግራፎቹን በአንድ ሰነድ ያዘጋጀው በእኔ ምክር ነው። «ቁጥር በእጅህ አትገልብጥ፤ ሰነዱ ራሱ ያውጣው» እለው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአራቱ ጣቢያዎች ግራፎች ከሰነዱ ጠፉ። የስሕተት መልእክት የለም፤ ማስጠንቀቂያም የለም፤ ግራፉ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው። ሦስት ሌሊት አብረን ደከምን። በመጨረሻ ምክንያቱን አገኘነው፤ ግራፎቹም ወጡ። እኔም «አሁን ተሟልቷል» ብዬ ፈረምሁ።

ጥናቱን በሚከላከልበት ዕለት የውጭ ፈታኙ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ገልጠው በትሕትና አንድ ጥያቄ አነሡ። «በሠንጠረዡ ከፍተኛው ዝናብ የነሐሴ ነው፤ ከሥሩ ባለው ማጠቃለያ ግራፍ ግን ጫፉ ሐምሌ ላይ ነው። የትኛውን ልመን?» አሉ። ተማሪው ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ወደ ገጹ አቀረቀርሁ። መልስ አልነበረንም። በኋላ እንደተረዳነው ያ ማጠቃለያ ግራፍ የተሠራው ተማሪው ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን መረጃዎች ከማጽዳቱ በፊት ነበር። ሠንጠረዡ በአዲሱ መረጃ ሲታደስ ግራፉ በአሮጌው ቀርቷል።

ያልወጡት አራት ግራፎች ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥተውናል። ያረጀው አምስተኛ ግራፍ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከፊታችን ተቀምጦ ነበር፤ አማሮ ስለወጣ ማንም አልጠረጠረውም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ከዚህ የተነሣ ነው። ጽሑፍን፣ ኮድንና ሥዕልን በአንድ ሰነድ የማኖር ታሪክ፣ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ቃል የመግባትና በሥዕሉ በኩል ቃሉ ሲፈርስ የመጠገን ታሪክ ነው። ቃሉ በሁለት መንገድ ይፈርሳል፤ በሚታይና በማይታይ። ግራፉ ሳይወጣ ሲቀር የሚታየው መፍረስ ነው፤ እሱ ስሕተቱን ሳይደብቅ ይነግረናል። ሊያስፈራን የሚገባው ሌላው ነው።

ፕሮግራም ለሰው ሲጻፍ

ታሪኩ የሚጀምረው ከዶናልድ ክኑዝ ነው። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር በ1977 የታወቀው መጽሐፋቸው ሁለተኛ ጥራዝ በአዲስ እትም ሊወጣ ሲል የማተሚያውን ናሙና አዩ፤ የገጹ ጥራትም አላረካቸውም። «ቴክ» የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ለመሥራት የተነሡት በዚያ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ እየሰፋ ሲሄድ ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ ይህን የሚያህል ኮድ ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው እንዴት ነው? ለዚህ የሠሩትን ዘዴ «ዌብ» አሉት። ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው መረብ ያን ጊዜ ገና አልተፈጠረም። ሐሳቡን በ1984 «ዘ ኮምፒውተር ጆርናል» በተባለው መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ «ሊትሬት ፕሮግራሚንግ» ብለው ሰየሙት። በአማርኛ «ለአንባቢ የሚጻፍ ፕሮግራም» ብንለው ከፍሬ ነገሩ አንርቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው አንድ ፋይል ይጽፋል፤ በፋይሉ ውስጥ ማብራሪያና ኮድ ይፈራረቃሉ። ከዚህ አንድ ፋይል ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት ነገር ያወጣሉ። «ታንግል» የተባለው ኮዱን ለማሽኑ በሚስማማ ቅደም ተከተል ያወጣል፤ «ዊቭ» የተባለው ደግሞ ለአንባቢ የሚሆነውን ጽሑፍ ይሸምናል። የሁለተኛው ስም በቀጥታ የተወሰደው ከሽመና ነው። የቴክ ሙሉ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ተጽፎ በ1986 በመጽሐፍ ታትሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በክኑዝ ሰነድ ውስጥ ማብራሪያ አለ፤ ኮድም አለ፤ የኮዱ ውጤት ግን የለም። ፕሮግራሙ የሚሠራው ከሰነዱ ውጭ ነው። ስለዚህ የጠፋ ግራፍ የሚባል ችግር በክኑዝ ዘመን ሊኖር አይችልም፤ ሰነዱ ግራፍ አወጣለሁ ብሎ ቃል አልገባምና። ችግራችን የተወለደው ቃሉ በሰፋ ጊዜ ነው።

ከፕሮግራሙ ወደ ግራፉ

ቃሉን ካሰፉት ቀዳሚው የዚያው የስታንፎርድ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ክፍላቸው ግን ሌላ ነበር። ጆን ክላርቡት የጂኦፊዚክስ ሊቅ ናቸው። በሚመሩት የምርምር ቡድን ውስጥ የገጠማቸው ችግር ከክኑዝ የተለየ ነው። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ ያሳተመው ግራፍ ይቀራል፤ ተተኪው ተማሪ ግራፉን እንደገና ለማውጣት ሲሞክር አይሆንለትም። አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ የራሱን ግራፍ ደግሞ ማውጣት ያቅተዋል። ክላርቡትና ማርቲን ካረንባህ በ1992 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ለዚህ መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ።

በእኔ እምነት ከመሣሪያው ይልቅ ደንባቸው ይበልጣል። የቡድኑ ሰነዶች በጥቂት ትእዛዞች ይተዳደሩ ነበር፤ ከነዚህ አንዱ ግራፎቹን ሁሉ የሚያጠፋ፣ ሌላው ደግሞ ከመረጃውና ከኮዱ እንደገና የሚሠራቸው ነው። ለማጥፊያው የመረጡለት ስም በእንግሊዝኛ «አቃጥል» ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በእያንዳንዱ ግራፍ መግለጫ ሥር አጭር ምልክት ያኖሩ ነበር። አንዱ ምልክት ግራፉን ማንም በቀላሉ ደግሞ ሊያወጣው እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ ማውጣት ቢቻልም ብዙ የማሽን ጊዜን ወይም በግል የተያዘ መረጃን እንደሚጠይቅ፣ ሦስተኛውም ጨርሶ ደግሞ ማውጣት እንደማይቻል ያመለክታሉ። አንድ ተመራማሪ በራሱ ግራፍ ሥር «ይህን ደግሜ ማውጣት አልችልም» ብሎ ሲጽፍ አስቡት። ይህ ድፍረት ዛሬም ብርቅ ነው።

ግራፍ መልስ ነው ወይስ አሻራ?

አሁን ወደ ችግሩ ሥር እንውረድ። በፕሮግራም ውስጥ ሁለትና ሁለት ስንደምር አራት የሚባል መልስ ይመለሳል፤ መልሱን በስም ልናስቀምጠው፣ ለሌላ ስሌትም ልንሰጠው እንችላለን። ግራፍስ እንዲህ ያለ መልስ ነው? ለረጅም ጊዜ አልነበረም።

በ1976 በቤል ላቦራቶሪዎች እነ ጆን ቻምበርስ «ኤስ» የተባለውን የስታትስቲክስ ቋንቋ መሥራት ሲጀምሩ ግራፍ ማለት ማሽን በወረቀት ወይም በስክሪን ላይ የሚሥለው መሥመር ነበር። ትእዛዙ ሲሰጥ መሥመሩ ይሠመራል፤ ለፕሮግራሙ ግን ተመልሶ የሚሰጠው ነገር የለም። ግራፉ የሥራው አሻራ ነው። አሻራው የሚያርፍበትን ስክሪን ወይም ፋይል በዚህ ንግግር «መቀበያ» እለዋለሁ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የኤስን መንገድ ተከትለው «አር» የተባለውን ቋንቋ ሠሩ፤ የመጀመሪያው የተሟላ ስሪት በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ወጣ። አርም ይህንኑ የመቀበያ አሠራር ወረሰ።

ሰው በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲሠራ መቀበያው ስክሪኑ ስለሆነ ችግር የለም። ሰነድ ሲቀናበር ግን ስክሪን የለም። አሻራው ወዴት ይሂድ? አር ያለ ሰው ሲሠራና መቀበያ ሳይነገረው ሲቀር «አርፕሎትስ» የሚል ስም ያለው የፒዲኤፍ ፋይል በራሱ ከፍቶ እዚያ ይሥላል። ይህን ስም ያለው ፋይል በማኅደራችሁ ውስጥ አግኝታችሁ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ የጠፋው ግራፋችሁ እሱ ነው። ግራፉ ተሥሏል፤ የሄደው ግን ሰነዱ ወደማይጠብቀው ቦታ ነው። ሌላም አለ። ወደ ፋይል የሚሣል ግራፍ የሚጠናቀቀው መቀበያው ሲዘጋ ነው። መዝጊያውን ትእዛዝ የረሳ ሰው ፋይሉ ተፈጥሮ ያገኘዋል፤ ሲከፍተው ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ «ተበላሽቷል» ይባላል።

ኮዱ በሚሠራበት ጊዜ ግራፉን ወደ ሰነዱ የሚያስገባ ዘዴ በአር የመጣው በ2002 ነው። በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍሪድሪክ ላይሽ «ኤስዊቭ»ን ሠራ። በስሙ ውስጥ የክኑዝ ሽመና አለ፤ ኮዱን ከጽሑፍ የሚለዩት ምልክቶች ደግሞ ከኖርማን ራምዚ «ኖዌብ» የተወሰዱ ናቸው። በኤስዊቭ ጸሐፊው በኮዱ ቁራጭ ራስጌ ላይ «ይህ ሥዕል ነው» ብሎ ማሳወቅ ነበረበት፤ ካላሳወቀ ግራፉ አይገባም። ቢያሳውቅም ለአንድ ቁራጭ የሚገባለት አንድ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሁለት የሣለ አንዱን ያጣል።

በኤስዊቭ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ጠባይ ነበር። ኮዱ ለጽሑፉ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ የሥዕል ፋይል ዓይነት ደግሞ እንደ ገና ይሠራል። ኮዱ በዕጣ የሚወጡ ቁጥሮችን የሚጠቀም ከሆነ ውጤቱ ምን ይሆናል? በጽሑፉ ያለው አማካይ ከአንዱ ሥራ፣ ከሥሩ ያለው ግራፍ ከሌላው ሥራ የመጡ ይሆናሉ። ምንም የጎደለ አይመስልም፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በመመረቂያ ጽሑፋችን ላይ የደረሰው ነገር ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው።

በዚሁ ዘመን ከሌላ አቅጣጫ ለውጥ መጣ። ፖል ሙሬል በሠሩት «ግሪድ» በተባለ መሠረት ላይ ዲፓያን ሳርካር «ላቲስ»ን፣ ቆይተውም ሃድሊ ዊክሃም «ጂጂፕሎት ሁለት»ን አቆሙ። በእነዚህ ግራፍ መልስ ሆነ። ትእዛዙ ግራፉን አይሥልም፤ የግራፉን ሙሉ መግለጫ የያዘ ነገር ይመልሳል። ግራፉ የሚሣለው ያ ነገር «ይታተም» ሲባል ነው። በኮምፒውተሩ ፊት ስንጽፍ አር ይህን የማተም ሥራ በራሱ ስለሚያደርገው ልዩነቱ አይታየንም። ትእዛዙ በድግግሞሽ ወይም በተግባር ውስጥ ሲገባ ግን ማተሙ ይቀራል፤ ግራፉ ተፈጥሮ፣ ሳይታይ ይጠፋል። ጥያቄው ከመደጋገሙ የተነሣ በአር ይፋዊ የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ሰነድ ውስጥ ቁጥር 7.22 ሆኖ ተመዝግቧል።

የእኔና የተማሪዬ ሦስት ሌሊት ያለቀው በዚህ ነው። ለአራቱ ጣቢያዎች አራት ግራፍ የሚሠራ ድግግሞሽ ጽፏል፤ ግራፉን ግን «አትም» አላለም። ፈውሱ አንድ ቃል ነበር።

እንግዲህ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ግራፍ ጎን ለጎን ኖረ። አሻራ የሆነው የሚጠፋው መቀበያው ሲሳት ነው፤ መልስ የሆነው የሚጠፋው ሳይታተም ሲቀር ነው። ምልክታቸው አንድ ነው፤ ባዶ ቦታ። ሕመማቸው ግን ሁለት ስለሆነ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን አያድንም። ተማሪዎች ያገኙትን መፍትሔ ሁሉ ሞክረው «ምንም አልሠራም» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በ2012 በአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ይሁዌ ሺየ «ኒተር»ን ለሕዝብ አቀረበ። ከሽመና ወደ ሹራብ ሥራ ተሻገርን ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ኒተር ኮዱን ሰው በኮምፒውተሩ ፊት እንደሚጽፈው አንድ በአንድ እያስኬደ፣ መቀበያው ላይ ያረፈውን አሻራ በየደረጃው ይመዘግባል። ከአንድ ቁራጭ ብዙ ግራፎችን ማስገባት ተቻለ፤ «ይህ ሥዕል ነው» ብሎ ማሳወቅም ቀረ። በድግግሞሽ ውስጥ «አትም» የማለት ግዴታ ግን የቋንቋው ጠባይ ስለሆነ አልቀረም።

ኒተር ያመቻቸው ሌላ ነገር «ካሽ» የሚባለው የውጤት ማቆያ ነው። ረጅም ስሌት በየጊዜው እንዳይደገም የአንዱ ቁራጭ ውጤት፣ ግራፉም ጭምር፣ ይቀመጣል። ሰነዱ እንደ ገና ሲቀናበር የቁራጩ ኮድና አማራጮቹ ካልተለወጡ የተቀመጠው ይወጣል። ኮዱ የሚያነብበው መረጃ ቢለወጥስ? ጸሐፊው ያን ጥገኝነት ራሱ ካላሳወቀ በቀር ማቆያው አያውቅም። የተማሪዬ ማጠቃለያ ግራፍ የእርግጠኝነት ክልሉን ለማስላት መረጃውን ሺህ ጊዜ በዕጣ እየመረጠ ስለሚደግም ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ስለዚህ በማቆያ አስቀመጠው። መረጃውን አጸዳ፤ የፋይሉ ስም አልተለወጠም፤ የግራፉም ኮድ አልተለወጠም። ሠንጠረዡ በማቆያ ስላልነበረ ታደሰ፤ ግራፉ ቀረ። ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ከእኛም ይልቅ እኔ ነኝ። ማቆያውን እንዲጠቀም ሳስተምረው የሚያስከፍለውን ዋጋ አላስተማርሁትም።

ሁለቱ ሌሎች መንገዶች

የአርን መንገድ ብቻ ብናይ ታሪኩ ይጎድላል። ሁለት ሌሎችን በአጭሩ ላንሣ።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 በኢማክስ ውስጥ «ኦርግ ሞድ»ን ጀመረ፤ ኤሪክ ሹልቴና ዳን ዴቪሰን ደግሞ «ባቤል» የተባለውን ክፍል ጨመሩለት፤ በ2012 ስለ አሠራሩ በጋራ የጻፉት ጽሑፍ «ጆርናል ኦቭ ስታትስቲካል ሶፍትዌር» ላይ ወጣ። የባቤል ልዩ ጠባይ ብዙ ቋንቋዎችን በአንድ ሰነድ ማስተናገዱ ነው። ብዙ ቋንቋ ባለበት ግን ግራፍ ምን እንደሆነ መገመት አይቻልም። ስለዚህ ጸሐፊው በየቁራጩ ራስጌ የሚጠብቀው መልስ ይሁን፣ በስክሪን የሚታተም ጽሑፍ ይሁን ወይም ፋይል ይሁን መናገር አለበት። በስሪት 9.3 ላይ አንድ ደንብ ጠበቀ፤ ቀድሞ የፋይል ስም መስጠት ብቻውን ይበቃ የነበረው፣ ውጤቱ ፋይል መሆኑን በግልጽ መናገር ግዴታ ሆነ። ያን ጊዜ ለዓመታት ሲሠሩ የነበሩ ሰነዶች አንድ ፊደል ሳይነካባቸው ግራፋቸውን ማውጣት አቆሙ። ሰነድ ብቻውን አይኖርም፤ ከሚያነብበው ሶፍትዌር ስሪት ጋር ነው የሚኖረው።

ሁለተኛው የፓይተን መንገድ ነው። ፈርናንዶ ፔሬስ በ2001 «አይፓይተን»ን ጀመረ፤ ጆን ሃንተር በ2003 «ማትፕሎትሊብ»ን አወጣ፤ ማስታወሻ ደብተሩ በ2011 መጣ፤ በ2014 ደግሞ ዛሬ የምታውቁት «ጁፒተር» ተባለ። ጁፒተር የመቀበያውን ጥያቄ በሚያስገርም ቀላልነት ፈታው፤ ሥዕሉ ከሰነዱ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የጠፋ ግራፍ እጅግ ቀነሰ። ነገር ግን ሰው ቁራጮቹን በፈለገው ቅደም ተከተል ስለሚያስኬድና አሮጌው ሥዕል እስኪተካ ድረስ በቦታው ስለሚቆይ፣ ያረጀ ግራፍ በረከተ። ፒመንቴልና ባልደረቦቹ በ2019 ባቀረቡት ጥናት 1.4 ሚሊዮን ያህል ይፋ የሆኑ ደብተሮችን ሰበሰቡ፤ እንደ ገና ሊያስኬዷቸው ከሞከሯቸው ውስጥ ያለ ስሕተት የሄዱት 24 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ በደብተሩ የተመዘገበውን ውጤት የደገሙት ደግሞ 4 በመቶ ገደማ። የሚታየውን መፍረስ ስናስወግድ የማይታየውን እንዳበዛን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር አላውቅም።

በፊደላችን ላይ የደረሰው

በሁለቱ መፍረሶች መካከል እኛን በተለይ የሚመለከት ሦስተኛ አለ፤ ግራፉ ወጥቶ ቃሉ ሲጠፋ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 በስሪት 3.0 ነው። የአር ነባሩ የፒዲኤፍ መቀበያ ግን ለአንድ ፊደል አንድ ባይት በሚመድብ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነበር። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ ስምንት ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ በግራፉ አግድም መሥመር ሥር «ወር» ብለን ስንጽፍ ስድስት ነጥብ ወጣልን። በማትፕሎትሊብም ነባሩ የፊደል ቅርጽ ስብስብ የእኛን ስለማይዝ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ።

ፈውሱ አስቸጋሪ አይደለም። በአር «ካይሮ» በተባለው መሠረት ላይ የቆመውን መቀበያ መምረጥ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ደግሞ የእኛን ፊደል የያዘ የፊደል ቅርጽ በስም መጥራት ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ፈውሱን ያላወቁ ተማሪዎቻችን ለዓመታት በአማርኛ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ የግራፉን መግለጫ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ግራፍ በአማርኛ አይሠራም» ይሉኛል። የአንድ መቀበያ ጉድለት የቋንቋ ጉድለት ተደርጎ ተወሰደ። ምክንያቱን መመርመር የሚያስፈልገው ግራፉን ለማስተካከል ብቻ ሳይሆን እንዲህ ካለው የተሳሳተ እምነት ለመዳንም ነው።

ከታሪኩ የሚገኘው የምርመራ ቅደም ተከተል

ተማሪዎች «ምን እናድርግ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። የተናገርሁት ታሪክ በራሱ ቅደም ተከተል ይሰጣል። ግራፉ ሳይወጣ ሲቀር በዚህ መንገድ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቁራጩ በእርግጥ ሠርቷል? ወይስ እንዳይሠራ ወይም ውጤቱ እንዳይታይ የሚያዝ አማራጭ በራስጌው አለ? በቁራጩ ውስጥ አንድ ቃል አሳትሙና እዩ።

ሁለተኛ፣ ግራፉ አሻራ ነው ወይስ መልስ? መልስ ከሆነና በድግግሞሽ ወይም በተግባር ውስጥ ካለ «አትም» በሉት።

ሦስተኛ፣ አሻራ ከሆነ መቀበያው የት ነው? እናንተ ራሳችሁ የከፈታችሁት ፋይል ካለ፣ ግራፉ ወደ ሰነዱ ሳይሆን ወደዚያ ሄዷል። ከከፈታችሁም ዝጉት።

አራተኛ፣ ፋይሉ ካለ ሰነዱ የሚፈልገው እዚያው ነው? ኮዱ የሚሠራበት ማኅደርና ሰነዱ ያለበት ማኅደር ይለያዩ ይሆናል።

አምስተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ያለባችሁ ግራፉ ሲወጣ ነው፤ ይህ ግራፍ የዛሬ ነው? ሰው ችግሩ እንደተፈታ አስቦ የሚተኛው እዚህ ላይ ነው። የክላርቡትን «አቃጥል» አስታውሱ። የተቀመጠውን ውጤትና የሥዕል ፋይሎቹን ሁሉ አጥፉ፤ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንደ አዲስ ክፈቱ፤ በዕጣ የሚወጡ ቁጥሮች ካሉ መነሻቸውን ወስኑ፤ ሰነዱን ከላይ እስከ ታች አቀናብሩ። ማቆያ የግድ ካስፈለገ የመረጃውን ፋይል አሻራ ቁጥር ከማቆያው ቁልፍ ጋር አያይዙ፤ ፋይሉ ሲለወጥ ግራፉም ይለወጣል።

«ስሌቱ ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሁሉንም ሁልጊዜ ማቃጠል አይቻልም። ያን ጊዜ የክላርቡት ቡድን ሁለተኛ ምልክት አለልን። በግራፉ ሥር መቼና ከየትኛው መረጃ እንደተሠራ፣ ደግሞ ለማውጣትም ምን እንደሚጠይቅ ጻፉ። ይህን ማድረግ ከመዋሸት ያድናል፤ ዋጋውም አንድ መሥመር ነው።

መዝጊያ

ተማሪዬ ግራፉን አድሶ አቀረበ፤ ጫፉም ነሐሴ ላይ ሆነ፤ ጥናቱም አለፈለት። ፈታኙ ደግ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ያን ገጽ አልረሳሁትም። ፊርማዬ ያረፈው «ተሟልቷል» በሚል ቃል ላይ ነው፤ ያረጋገጥሁት ግን ባዶ ቦታ አለመኖሩን ብቻ ነበር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ለጠመጠመውም ይሠራል።

ከዚያ ዕለት ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ። ማንኛውም ተማሪ ፊርማዬን ሲፈልግ የተቀናበረውን ፒዲኤፍ ይዞ አይመጣም፤ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል። ግራፎቹን ከፊቴ ያጠፋል፤ ሰነዱንም ከፊቴ ያቀናብራል። ቡና እየጠጣን እንጠብቃለን። አንዳንድ ጊዜ ግራፉ ሳይወጣ ይቀርና ተማሪው ይደነግጣል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ያልወጣው ግራፍ ስሕተቱን እዚያው፣ ሁለታችንም ባለንበት፣ ይነግረናልና።